ኮዲንግ ልናስተምር ስንወጣ፦ የክረምቱን ትምህርት እንዴት እናቅድ?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ክረምቱ እየደረሰ ነው። ብዙዎቻችን ወደየቤታችን ስንመለስ የሰፈር ልጆች "ኮምፒውተር አስተምሩን" ማለታቸው አይቀርም። ደብረ ብርሃን የምንቀረው ደግሞ እንደ አምናው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በበጎ ፈቃድ ለማስተማር እየተመዘገብን ነው። የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ የሚሰጡት ወንድሞችና እህቶች የቆየ ልምድ አላቸው። ፕሮግራሚንግ ግን ለጀማዓችን አዲስ ነው፤ አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክረነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሠራልንንም ያበላሸነውንም እናካፍላችኋለን። ያበላሸነውን የማንደብቀው ዘንድሮ የሚወጣው ሰው ያንኑ እንዳይደግም ነው።

ስንጀምር የሆነው

የመጀመሪያውን ዕቅድ ያዘጋጀነው በአንድ ምሽት ዶርም ተቀምጠን ነው። እኛ ራሳችን የተማርንበትን ሃንድአውት ከፍተን ቅደም ተከተሉን እንዳለ ገለበጥነው። የኮምፒውተር ትውልዶች፣ ሃርድዌርና ሶፍትዌር፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዓይነቶች፣ ፍሎውቻርት፣ የዳታ ዓይነቶች፤ ኮድ የሚጻፈው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ሞልቶ ወንበር ጠፋ። ኮድ ይጻፋል በተባለበት ቀን ግን ሲሶው ብቻ ነበር የመጣው። ከቀሩት አንዷን፣ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ መንገድ ላይ አግኝተን ለምን እንደቀረች ጠየቅናት። "እኔ የሆነ ነገር የምንሠራ መስሎኝ ነበር" አለችን። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ያን ቀን ከመግሪብ በኋላ ተቀምጠን ስንመካከር አንድ ወንድማችን የሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚን ነገር አነሳ። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረ ሊቅ ነው። "አልጎሪዝም" ከስሙ፣ "አልጀብራ" ደግሞ ከመጽሐፉ ርዕስ እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየፕሮግራሙ እየጠቀስን እንኮራበታለን። ወንድማችን ያነሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። የዚያ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ ክፍፍል ነው። ሰዎች ውርስ ሲካፈሉ፣ ሲነግዱ፣ መሬት ሲለኩ የሚገጥማቸውን ሒሳብ ለመፍታት ነው የጻፈው። አንድ ሰው ሚስት፣ እናትና ልጆች ትቶ ቢሞት ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ይቀድማል፣ ዘዴው ከኋላ ይመጣል። እኛ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘዴ ስንደረድር ጥያቄ አላቀረብንም።

ስለዚህ ዕቅዱን ቀደን እንደገና ጀመርን። አዲሱ ዕቅድ 12 ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። በእያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ የጻፍነው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ተማሪው ከዚህ ክፍል ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል? "ስለ ሉፕ ያውቃል" ብሎ መጻፍን ከለከልን፤ ማወቁን በምን እናያለን? "የ7ን ማባዣ እስከ 12 በሁለት መስመር ኮድ ያትማል" ከተባለ ግን ተሠርቶ ይታያል፣ ካልተሠራም ይታያል።

ማንን ነው የምናስተምረው?

በመጀመሪያው ቀን አንድ አጭር ወረቀት አስሞሉ። ክፍል፣ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር መኖር አለመኖሩ፣ ስልክ መኖር አለመኖሩ፣ ስልኩም የራስ ይሁን የሌላ ሰው። ከሁሉ የጠቀመን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። "ስልክ አለኝ" ካሉት ብዙዎቹ የእናታቸውን ወይም የታላቅ ወንድማቸውን ስልክ ማለታቸው ነበር፤ ማታ ለባለቤቱ ይመለሳል። ያንን ሳናውቅ "በስልካችሁ ሠርታችሁ ኑ" እያልን የቤት ሥራ ስንሰጥ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘናት ልጅም አንዷ ነበረች፤ ስልኩ የወንድሟ ነው። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ በሙሉ በወረቀት ሆነ።

ስልክ ላላቸው ፓይድሮይድ የሚባለውን አፕ በዜንደር አቀበልናቸው፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለላብ ኮምፒውተሮች ቶኒ የሚባለው ለጀማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ይሻላል። ፓይተንን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ከፍላሽ መጫን በቂ ነው።

"ለምን ፓይተን? ለምን በሲ ፕላስ ፕላስ አይጀምሩም?" የሚለው ክርክር ጀማዓው ውስጥ እስካሁን አልተዘጋም። የእኛ ምክንያት ቀላል ነው፤ በፓይተን የመጀመሪያው ፕሮግራም አንድ መስመር ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ያንኑ ለማድረግ "ይህን አሁን አትጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ጻፉት" የምንላቸው አራት አምስት መስመሮች ይቀድማሉ። ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን አትጠይቅ ማለት ጥሩ አይደለም። የሲ ፕላስ ፕላስ ወዳጆች አሁንም አኩርፈውናል።

በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ስለጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭም ተማሪዎቹ ይጠይቃሉ። በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ሥልጠና ነው፤ ሰርተፍኬትም አለው። ጥሩ ዕድል ስለሆነ አበረታቷቸው። ነገር ግን ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ብቻውን ስክሪን ፊት ሲቀመጥ የሚገጥመው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ያለ መምህር ታብሌት የተሰጣቸው ሕፃናት ታሪክ ይታወሳል። ታብሌቱን በራሳቸው ከፍተው፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ማሠራታቸው በዓለም ተወርቷል። የልጆቹ ጉብዝና አያጠያይቅም። ይሁንና መክፈትና መነካካት አንድ ነገር ነው፤ "ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?" ሲል የሚመልስለት ሰው አጠገቡ መኖሩ ሌላ ነው። የእኛ ቦታ ይኸኛው ነው።

ኮዱ ሳይመጣ አማርኛው

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኮምፒውተር አልከፈትንም። ከመካከላችን አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ "እኔ ኮምፒውተር ነኝ፤ ቡና እንዳፈላ እዘዙኝ" አለ። "ቡና አፍላ" አሉት። "አፍላ የሚለውን አላውቅም።" "ቡናውን ጀበናው ውስጥ ጨምር።" ጥሬውን አነሳና እንደጨመረ ሆነ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሳይቆላ፣ ሳይወቀጥ፣ ውሃ ሳይጨመር፣ እያሉ ራሳቸው እየተራረሙ ትእዛዙን በቅደም ተከተል በወረቀት አሰፈሩ። "እስኪፈላ ጠብቅ" ሲሉ ሉፕን፣ "ከገነፈለ አውርድ" ሲሉ ኢፍን ስሙን ሳያውቁ ተጠቀሙ። ስሙን የነገርናቸው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። እኛ ለእኛ ስንነጋገር ከውዱእ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቅደም ተከተል አለው፣ ሦስት ጊዜ የሚደጋገም አለው፣ ውሃ ከጠፋ ደግሞ ተየሙም አለ፤ ኢፍና ኤልስ ማለት ይኸው ነው። በመድረሳ ለምታስተምሯቸው ልጆች ተጠቀሙበት። ገንዘቡ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት ከአርባ አንድ እጅ ማውጣትም ግሩም መልመጃ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን የምናስተምረው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ነው፤ የደብረ ብርሃን ክፍል ውስጥ የሚበዙት ክርስቲያኖች ናቸው። ግማሹ ክፍል የማያውቀውን ምሳሌ ማምጣት መጥፎ ማስተማር ነው፤ በአማና የተቀበልነውን መድረክ ለሌላ ዓላማ ያዋልነው የሚመስለው ወላጅም ይኖራል። ቡና ለሁሉም ይበቃል። በዚያው ፕሮግራም ስናወጣ የጁሙዓን ሰዓት እንደምንጠብቅ ሁሉ የፍልሰታን ጾምም ቀድመን ጠየቅን። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ብዙዎቹ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ትምህርቱን ወደ ከሰዓት አዞርነው።

ወደ ቋንቋው እንመለስ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው ቢባልም ልጆቹ የሚያስቡት በአማርኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፕሮግራም መጀመሪያ በአማርኛ፣ በወረቀት፣ በአጫጭር ትእዛዝ አስጻፍናቸው። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በራሳችን ፊደል ቢጻፍ ይቀበላል። "ዋጋ" ብለው ጽፈው ሲሠራላቸው ፊታቸው ላይ ያየነውን ነገር አንረሳውም። ግን ተጠንቀቁ፤ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፉ ከኢፍ በኋላ የምትገባውን ሁለት ነጥብ ከአማርኛው ኪቦርድ ካመጧት ፓይተን አያውቃትም፤ ኤረር ይሰጣል። ለዓይን አንድ ስለሚመስሉ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት አሳር ነው። ከቴሌግራም ተገልብጦ የመጣ ጥምዝ ትእምርተ ጥቅስም እንዲሁ።

ቫሪያብልን "ዕቃ የሚቀመጥበት ሳጥን" እያልን አስተምረን አንድ ጉዳት አየን። ሳጥን ውስጥ ሁለት ነገር ሊቀመጥ ስለሚችል፣ አዲስ ቁጥር ሲገባ አሮጌውም አብሮ ያለ የሚመስላቸው ልጆች ነበሩ። ቁርኣን ቤት ያደግን ሰዎች የተሻለ ነገር እናውቃለን፦ ሉህ። አዲሱ አንቀጽ ከመጻፉ በፊት አሮጌው ታጥቦ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን አስመስለን አስረዳናቸው፤ ይጠፋል፣ ይጻፋል።

"ዋጋ = ዋጋ + 5" የሚለው ደግሞ ሒሳብ የሚወዱትን ልጆች ያስቆጣል። በሒሳብ ይህ ውሸት ነው፤ ልጆቹ ልክ ናቸው። ምልክቱን "እኩል ይሆናል" ብላችሁ አታንብቡት፤ "ይሁን" በሉት፤ መጀመሪያ በቀኝ ያለው ይሰላል፣ ከዚያ ውጤቱ በግራ ባለው ስም ይጻፋል። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለእኛ ብርቅ አይደለም። በኋላ ሁለቱ እኩል ምልክቶች ተደርበው ሲመጡ ደግሞ "ነው ወይ?" ብላችሁ አንብቡ። አንዱ ያዛል፣ ሁለቱ ይጠይቃሉ። ይህቺ የአነባበብ ዘዴ ብቻ የግማሽ ሳምንት ግራ መጋባት አስቀርታልናለች።

አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳለ

ለናሙና አምስተኛውን ክፍለ ጊዜ እናቅርብ። በዕቅዱ ላይ "ኢፍና ኤልስ" ይላል፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍነው ግን "ዘንድሮ ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?" የሚል ነው።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያለፈውን ደብተር ሳይገልጡ የሚያስታውሱበት ነው። አንድ አንድ ሦስት መስመር ኮድ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፣ ምን እንደሚያትም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይሰጡናል። ማርክ የለውም። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ ያለፈውን ሳይሰማ አዲስ እንደማይሰጥ ታስታውሳላችሁ፤ ያልተያዘ ነገር ላይ አዲስ መጨመር ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ ወደ ጳጉሜ። "5 ናት"፣ "6 ናት"፣ "በየአራት ዓመቱ ነው 6 የምትሆነው"። ጥሩ፤ ግን የትኛው አራተኛ ዓመት? ጳጉሜ 6 የሆነችባቸውን ዓመታት ጻፍንላቸው፦ 2007፣ 2011፣ 2015። ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ንገሩን አልናቸው። ሦስቱም 3 ይተርፋቸዋል። ሕጉን ያገኙት እነሱ ናቸው፤ እኛ አልነገርናቸውም። አንዱ ልጅ ወዲያው "እንግዲያው ቀጣዩ 2019 ነው" አለ። በአማርኛ እንዲህ ጻፉት፦ ዓመቱን ያዝ፤ ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 3 ከሆነ "6 ቀን" በል፤ አለበለዚያ "5 ቀን" በል። በ2015፣ በ2016 እና በ2000 በእጃቸው ፈተኑት።

አሁን ኮዱ ይመጣል፤ ግን እነሱ አይጽፉትም። የተጻፈውን እንሰጣቸዋለን። መጀመሪያ ምን እንደሚያወጣ ይገምታሉ፣ ከዚያ ያስኬዱታል፣ ለምን እንዲህ እንዳወጣ ይመረምራሉ፣ አንድ ነገር ይለውጡበታል፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ይሠራሉ። ይህ አካሄድ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ሱ ሴንታንስ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጁት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማንበብ ሳይችል የሚጽፍ ሰው የለም። ሐርፍ ሳይቆጥር ቁርኣን የሚጽፍ አይተን አናውቅም፤ በኮድ ላይ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጻፉ እንላለን።

እዚህ ቦታ የወደቅንበት ጉድጓድ አለ። በመጀመሪያው ዙር ዓመቱን ከኪቦርድ እንዲቀበል አድርገን ነበር። ፓይተን ከኪቦርድ የሚቀበለው ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ "2015" ብለው ቢያስገቡም ለእሱ አራት ፊደል እንጂ ቁጥር አይደለም። የቀሪ ምልክቱ ደግሞ ከጽሑፍ ጋር ሲገናኝ ሌላ ሥራ ስላለው የሚወጣው የኤረር መልእክት ስለ ጽሑፍ ማቀናበር ያወራል፤ ከጳጉሜ ጋር የሚያገናኘው የለም። ሃያ ደቂቃ ባከነ። በሁለተኛው ዙር ዓመቱን ኮዱ ውስጥ በቀጥታ ጻፍነው፤ ከኪቦርድ መቀበልንና ወደ ቁጥር መለወጥን ለስድስተኛው ክፍለ ጊዜ አቆየነው። በአንድ ቀን አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይበቃል። ሁለት አዲስ ነገር አብሮ ሲመጣ ልጁ የትኛው እንደጣለው አያውቅም።

ፈጣኖቹ ቀድመው ሲጨርሱ የፈረንጁን አቆጣጠር ሰጠናቸው። እዚያ 2000 ትርፍ ቀን አላት፣ 1900 ግን የላትም፤ ለ100 የሚካፈል ለ400 ካልተካፈለ ይዘለላል። በእኛ አቆጣጠር ይህ የለም። የመስከረም 1 አቻ ቀን ወደፊት ለምን እንደሚሸሽ የገባት አንዲት ልጅ ከእረፍት በኋላም ከወንበሯ አልተነሳችም።

ሹፌርና ረዳት

ኮምፒውተር ለሁሉም አይበቃም፤ ደግሞም ቢበቃ ሁለት ለአንድ ይሻላል። አንዱ ሹፌር ነው፣ ኪቦርዱን ይይዛል፤ ሌላው ረዳት ነው፣ መንገዱን ያያል፣ "እዚህ ጋ ሁለት ነጥብ ረሳህ" ይላል። በየ10 ደቂቃው ይለዋወጣሉ። ይህን ልውውጥ በሰዓት ካላስከበራችሁት ምን እንደሚሆን አይተናል። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ኪቦርዱን ይዞ ይቀራል። ሴቶቹ እስከ መጨረሻው ረዳት ይሆናሉ፤ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ዝም ስለምንል ነው። ስልክ ላይ አላርም ሞልተን ሲጮህ ሁሉም እጁን እንዲያነሳ አደረግን። እህቶቻችን ሴቶቹን ከሴት ጋር ማጣመር ይሻላል ብለው ሐሳብ አመጡ፤ ሞከርነው፣ ሠራ።

ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ደግሞ አንድ ሕግ፦ የተማሪን ኪቦርድ አንነካም። ከኋላ ቆመን እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን በቃል ብቻ እንናገራለን። አንድ ወንድማችን የአንድ ልጅ ኮድ አልሠራ ሲለው "ቆይ፣ ቀላል ነው" ብሎ ኪቦርዱን ተቀብሎ በ10 ሰከንድ አስተካከለለት። ልጁ "አመሰግናለሁ" ብሎ ሄደ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣም። "ቀላል ነው" የሚለውን ቃልም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውነው። ለተቸገረ ሰው ያስቸገረህ ነገር ቀላል ነው ማለት፣ ሞኝ ነህ ማለት ነው።

ኤረር ሲመጣ ከመጨረሻው መስመር እንዲጀምሩ አስተምሯቸው። የስህተቱ ዓይነት የሚጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ የመስመር ቁጥሩን ይፈልጉ። ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ የሚደነግጡት ፈተና የወደቁ ስለሚመስላቸው ነው፤ እኛ ራሳችን በየቀኑ ስንት ኤረር እንደምናይ ላፕቶፓችንን ከፍተን አሳየናቸው። ተገረሙ።

ሰዓት የሚቀይረው መልመጃ ደግሞ ለአስተማሪውም ትምህርት ነበረው። የዓለም አቀፉን ሰዓት ወደ እኛ ለመለወጥ 6 ቀንሶ ለ12 ሲካፈል የሚተርፈውን መውሰድ ነው፤ 0 ከመጣ 12 ይባላል። 15 ሰዓት 9 ይሆናል። ከሌሊቱ 3ስ? ሲቀነስ ከዜሮ በታች 3፤ ፓይተን ቀሪውን 9 ይላል፣ ልክ ነው። አንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ወዳጃችን በራሱ ቋንቋ ሠርቶ ሲያሳይ ግን ከዜሮ በታች 3 ወጣበት። ሁለቱ ቋንቋዎች የአሉታዊ ቁጥር ቀሪን የሚያሰሉበት መንገድ ይለያያል። ለዓመታት ኮድ የጻፍን ሰዎች ይህን ያወቅነው በዘጠነኛ ክፍል ልጆች ፊት ነው።

መብራት ሲጠፋ

እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የወረቀት መንታ ይኑረው። ይህን ያስተማሩን ወደ አንኮበር የወጡት ወንድሞች ናቸው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ላፕቶፕ ይዘው ለአንድ ሳምንት ሄዱ። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ባትሪው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ቆየ። የቀሩትን ቀናት በካርቶን ነው ያስተማሩት። በአምስት ካርቶን ላይ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ነጥብ ሣሉ። አምስት ልጆች ተሰልፈው ያዙት፤ የሚያሳይ አንድ፣ የሚያዞር ዜሮ። በአምስት ካርቶን እስከ 31 ድረስ መቁጠር ይቻላል። የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነውና እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ቀን በአንድና በዜሮ አሳየ። ጨዋታው ኒውዚላንድ ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ለማስተማር ከተዘጋጁ መልመጃዎች አንዱ ነው፤ አንኮበር ሜዳ ላይ ጉም መጥቶ ካርቶኑ እስካይታይ ድረስ ሠርቷል። ደብረ ብርሃንም የሐምሌ ጠዋት ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ መብራት ቢኖርም የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የወረቀት ሥራ ቢሆን ይሻላል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

ከዘጠነኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አዲስ ነገር አናስተምርም፤ ይሠራሉ። ለሁሉም የሰጠነው የእቁብ ዕጣ ማውጫ ነው። የአባላቱ ስም በዝርዝር ይገባል፣ ፕሮግራሙ በዘፈቀደ አንዱን ያወጣል። የመጀመሪያው ሥራቸው ጥሩ ይመስላል። ሦስት አራት ጊዜ ሲያስኬዱት ግን አንድ ሰው ሁለቴ ይደርሰዋል። አንናገርም፣ እንጠብቃለን። "ኧረ ይሄ ሰውዬ በላን!" የሚል ጩኸት ከአንዱ ጥግ ሲነሳ፣ ዕጣ የወጣለትን ከዝርዝሩ የማስወጣት ትምህርት ያኔ ይጀመራል። ሉፕ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 10 ብለው የጻፉት 9 ላይ ሲቆም አንድ አባል እቁቡ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ያንንም ራሳቸው ያገኙታል።

ከዚያ የየራሳቸውን ይመርጣሉ። መንገድ ላይ ያገኘናት ልጅ፣ ተመልሳ እንድትመጣ ለምነናት፣ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ መጥታ ነበር። የመረጠችው የእናቷን ዱቤ ነው። እናቷ ገበያ ላይ አትክልት ይሸጣሉ፤ ማን ስንት እንደወሰደ በደብተር ይጽፋሉ። ፕሮግራሙን ቤቷ በወረቀት ጽፋ፣ ላብ መጥታ በሩብ ሰዓት ከተበችው። ደመረ። ማታ ውጤቱን ለእናቷ ስታነብላቸው "ይቺ ሴትዮ እኮ ባለፈው ሳምንት ከፍላለች" አሏት። የሚደመረውን ጽፋ የሚቀነሰውን ረስታ ነበር። በማግስቱ ከበሩ ሳትገባ "አንድ ኢፍ ጎድሎኛል" አለችን።

የ12ቱን ክፍለ ጊዜ ዕቅድ፣ የወረቀት መልመጃዎቹን፣ የቶኒንና የፓይድሮይድን ፋይሎች በፍላሽ ይዘናል። ለክረምቱ የተመዘገባችሁ ሁሉ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ጀማዓው ዘንድ ስትመጡ ውሰዱ። የምታስተምሩበትን አንድ ክፍለ ጊዜ መርጣችሁ፣ ሌሎቻችን ዘጠነኛ ክፍል ሆነን እንቀመጥና መጀመሪያ በእኛ ላይ ትሞክሩታላችሁ፣ ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዐለይኩም።